በአሜሪካ መምህር ከግዛት ወደ ግዛት ሲዛወር ስለሚጠየቀው የማስተማር ፈቃድ

ድጓ ተምሮ የጨረሰ የአገራችን ሊቅ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ካስመሰከረ በኋላ፥ በጎጃምም ቢሆን በሸዋም ቢሆን ወንበር ዘርግቶ ቢያስተምር መምህርነቱን የሚጠራጠር የለም። የአሜሪካ ሥርዐት ግን እንዲህ አይደለም። በዚያ አገር 50 ግዛቶች አሉ፤ እያንዳንዱም ለመምህራን ፈቃድ የሚሰጠው በራሱ ሕግ ነው፤ ዋና ከተማው ዋሽንግተንም ለብቻው ይሰጣል። ስለዚህ 15 ዓመት ያስተማረ መምህር ወንዝ ተሻግሮ ወደ ጎረቤት ግዛት ቢገባ፥ ፈቃዱ ከርሱ ጋራ አይሻገርም።

የዚህም ምክንያት ሕገ መንግሥታቸው ነው። በ1791 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) የጸናው ዐሥረኛው ማሻሻያ፥ ለማዕከላዊው መንግሥት ያልተሰጠውን ሥልጣን ለግዛቶቹና ለሕዝቡ ተወው። ስለ ትምህርት ቤት በሕገ መንግሥቱ የተጻፈ ቃል ስለሌለ፥ ነገሩ በግዛቶቹ እጅ ቀረ።

ብዙ ሰዎች ግዛቶቹ ስምምነት እንዳላቸው ሰምተው ይሳሳታሉ። ስምምነትስ አለ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ግዛት የማንን የምስክር ወረቀት እንደሚቀበል የሚገልጽበት ነው እንጂ፥ ፈቃድን እንደ ገንዘብ የሚመነዝር አይደለም። አንዱ የሌላውን ቢቀበል፥ ያኛው መልሶ የርሱን ይቀበላል ማለትም አይደለም። ከተቀበለም በኋላ ፈተና ወይም ተጨማሪ ትምህርት ሊጠይቅ ይችላል። ብዙዎቹ ግዛቶች ፕራክሲስ በሚባለው ፈተና ይፈትናሉ፤ ቴክሳስ ግን የራሱ ፈተና አለው። አሪዞና ደግሞ መምህሩ የአገሪቱንና የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት ማወቁን ይጠይቃል፤ ይህስ ለእኔ የሚነቀፍ አይመስለኝም።

በ2023 ዓ.ም. ከዚህ የሚሻል ውል 10 ግዛቶች በሕግ ሲያጸድቁት ሥራ ጀመረ፤ ኋላም ሌሎች ተጨመሩ። በውሉ የገባ ግዛት፥ ዲግሪ ያለውንና የታወቀ የመምህራን ሥልጠና የፈጸመውን፥ ሙሉና ነቀፋ የሌለበት ፈቃድም የያዘውን መምህር በተመሳሳይ ፈቃድ ይቀበለዋል። የጊዜያዊ ፈቃድ ባለቤት ግን በዚህ ውል በተለመደው መንገድ አይጠቀምም፤ የጣት አሻራና የወንጀል ምርመራም ለማንም አይቀርም። በዚያው ዓመት የወጣ የማዕከላዊ መንግሥት ሕግ፥ በወታደራዊ ትእዛዝ ለሚዛወሩ ወታደሮችና ለትዳር ጓደኞቻቸው የሙያ ፈቃዳቸው በአዲሱ ግዛት እንዲጸና ፈቅዷል።

በኢትዮጵያ አስተምሮ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው መንገዱ ከዚህ አንድ ደረጃ ይረዝማል። አስቀድሞ የኮሌጅ ማርኩ የውጭ አገር ትምህርትን በሚመረምር ድርጅት ተመርምሮ፥ ከአሜሪካ ዲግሪ ጋራ ምን ያህል እንደሚተካከል መገለጥ አለበት። ድርጅቱም ብዙውን ጊዜ ማርኩ ከኮሌጁ ታሽጎ በቀጥታ እንዲላክለት ይሻል። ይህን ጉዳይ ባሕር ማዶ ሆኖ በዘመድ ከማስፈጸም፥ ከአገር ሳይወጡ መዝገብ ቤቱን መጠየቅ እጅግ ይቀላል።

የሚዛወረው መምህር የቀድሞ ሥራውን ከመልቀቁ በፊት ለአዲሱ ግዛት ማመልከት ይገባዋል፤ ምርመራው ወራት ሊፈጅ ይችላልና። ጡረታውንም ያስብ። በብዙ ግዛቶች የጡረታ መብት የሚገኘው 5 ወይም 10 ዓመት ከተገለገለ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የሄደ ከደመወዙ የተቈረጠውን ይወስዳል እንጂ፥ አሠሪው የጨመረለትን አብዛኛውን ጊዜ አያገኝም። 5 ዓመት በሚጠይቅ ግዛት 4 ዓመት ከ8 ወር የሠራ ሰው፥ የቀረውን 4 ወር ታግሦ ቢሄድ ይሻለዋል።