ስሚዝ (የቤተሰብ ስም)

ስሚዝ በእንግሊዝና በአሜሪካ ከሁሉ ይልቅ የተለመደ የቤተሰብ ስም ነው። ቃሉ ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ብረት ቀጥቃጭ» ወይም «አንጥረኛ» ነው።

ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት አብዛኛው ሰው አንድ ስም ብቻ ነበረው። በኋላ ግን በግብርና በርስት መዝገብ ላይ ብዙ «ጆን» የሚባሉትን ለመለየት የሥራቸው፣ የሰፈራቸው ወይም የአባታቸው ስም ይጨመር ጀመር። ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ቀጥቃጭ በየቦታው ስለ ነበረ፣ ስሙ ከአንድ ቤተሰብ ሳይሆን በልዩ ልዩ መንደሮች ለየብቻው ተነሣ። ስለዚህ ስሚዝ የሚባሉ ሁሉ ዘመዳሞች አይደሉም።

እስከ 1400 እ.ኤ.አ. ገደማ እንዲህ ያሉ ስሞች በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ የሚወረሱ ሆኑ፤ ልጁ ሌላ ሥራ ቢይዝም ስሙ አልተለወጠም። ለምሳሌ የስኮትላንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አዳም ስሚዝ (1723–1790 እ.ኤ.አ.) አባት የጉምሩክ ሹም እንጂ ቀጥቃጭ አልነበሩም።

በአሜሪካ የ2010 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ ስም ተመዝግበዋል። ከነዚህ የአንዳንዶቹ አያቶች ከጀርመን የፈለሱ ሲሆኑ፣ ተመሳሳይ ትርጉም ያለውን «ሽሚት» የተባለ ስማቸውን ወደ ስሚዝ የቀየሩ ናቸው።