ብራውዘሩ ሥራውን ሲረከብ

አንድ ድረ ገጽ ላይ «ሰርዝ» የሚለውን ስንጫን መሃል ላይ ብቅ የሚል ትንሽ መስኮት አለ። «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል፣ ከሥሩ ሁለት አዝራሮች ይደረድራል፣ የቀረውን ገጽ ያደበዝዛል። ለተጠቃሚው ከዚህ የቀለለ ነገር የለም፤ ለሠሪው ግን ለረጅም ዓመታት ራስ ምታት ሆኖ ኖሯል። መስኮቱ ከሁሉም በላይ መታየት አለበት፤ ማስታወቂያም ሆነ ሜኑ ሊሸፍነው አይገባም። ከኋላው ያለው ገጽ ሲነኩት መልስ መስጠት የለበትም። የኪቦርዱ ታብ ቁልፍ በተመታ ቁጥር ምርጫው እዚያው መስኮቱ ውስጥ መዞር አለበት እንጂ ሾልኮ ወደ ተደበዘዘው ገጽ መውጣት የለበትም። ኢስኬፕ ሲጫኑ መዘጋት፣ ሲዘጋም ተጠቃሚውን ቀድሞ ወደነበረበት አዝራር መመለስ ይጠበቅበታል። ዓይነ ስውር ተጠቃሚ የሚገለገልበት ስክሪን ሪደር ደግሞ መስኮት መከፈቱን ማወቅና ከኋላ ያለውን ጽሑፍ ማንበቡን መተው አለበት። ይህን ሁሉ የድረ ገጹ ሠሪ በጃቫስክሪፕት አንድ በአንድ ይጽፈዋል፤ አለዚያ ሌላ ሰው የጻፈውን ላይብረሪ ይጭናል፤ አለዚያም፣ ብዙ ጊዜ እንደሚሆነው፣ ግማሹን ሠርቶ ግማሹን ይተወዋል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህን መሰሉ ሥራ ወደ ብራውዘሩ እየተዛወረ ነው። ስለ ለውጡ ሲወራ በብዛት የሚሰማው «ኮዱ አጠረ» የሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ አጥሯል። የኮድ ማጠር ግን የፕሮግራመሩ ደስታ ነው፤ ለአንባቢው፣ ለገዢው፣ ለተማሪው ምኑም አይደለም። የእኔ ክርክር ሌላ ነው፦ አንድ ሥራ ብራውዘሩ ውስጥ ሲገባ ስህተቱን የሚሸከመውና ወጪውን የሚከፍለው ሰው ይለወጣል፤ የእነዚህ አዳዲስ ችሎታዎች ትልቁ ዋጋም እዚያ ላይ ነው።

ድር ሲፈጠር ለሰነድ የታሰበ ነበር። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ጄኔቫ አጠገብ ባለው የሰርን የምርምር ማዕከል ያቀረበው ሐሳብ የሳይንቲስቶችን ሰነዶች በአገናኝ ማያያዝ ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያኑ ናቸው)። በ1995 ብሬንደን አይክ በኔትስኬፕ ኩባንያ የጃቫስክሪፕትን የመጀመሪያ ቅጂ በ10 ቀን ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ብራውዘሩ የማያውቀውን ሁሉ በኮድ ማሟላት ልማድ ሆነ። በ2006 ጆን ሬሲግ ያወጣው ጄኩዌሪ የዚህ ልማድ ዋና ምስክር ነው። ገጽ ላይ ያለን ነገር በስሙ ፈልጎ ማግኘት በየብራውዘሩ የተለያየ ጣጣ በነበረበት ዘመን ጄኩዌሪ ሁሉንም በአንድ ቋንቋ አስማማ፤ ዛሬም ከግማሽ በላይ በሚሆኑ ድረ ገጾች ውስጥ ይገኛል። ብራውዘሮቹም ቆይተው ያንኑ የመፈለጊያ ዘዴ የራሳቸው አደረጉት። አካሄዱ ከዚያ ወዲህም አልተለወጠም፤ ላይብረሪው ፈር ይቀዳል፣ ነገሩ ለሁሉም እንደሚያስፈልግ ሲታወቅ ብራውዘሩ ይረከበዋል። በመሃሉ ያለው ጊዜ ግን ረጅም ነው።

ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ለማየት ወደዚያው ትንሽ መስኮት እንመለስ። ዳያሎግ የተባለው የኤችቲኤምኤል ታግ ጉግል ክሮም ውስጥ የገባው በ2014 ነው፤ ፋየርፎክስና ሳፋሪ የተቀበሉት ግን በማርች 2022 ነው። ስምንት ዓመት! በመካከሉ ታጉ ከመስፈርቱ ይውጣ የሚል ሐሳብ እስከ መቅረብ ደርሶ ነበር። አንዱ ትልቅ ማነቆ ኪቦርዱ የሚያርፍበት ቦታ፣ በሙያው አነጋገር ፎከስ፣ መስኮቱ ሲከፈት የት ይሁን የሚለው ነበር። ጥያቄው ጥቃቅን ይመስላል። መስኮቱ ውስጥ መጀመሪያ የሚገኘው አዝራር «አጥፋ» የሚለው ቢሆንና ፎከሱ እዚያ ቢያርፍ ግን ሳያስብ ኢንተር የመታ ሰው ፋይሉን ያጣል። ፎከሱ የትም ባያርፍ ደግሞ ስክሪን ሪደር የሚጠቀመው ሰው መስኮት መከፈቱን እንኳ አያውቅም። ባለሙያዎች ዓመታት የተከራከሩበትን ይህን ጉዳይ እያንዳንዱ ድረ ገጽ ሠሪ በአንድ ከሰዓት እንዲፈታው ስንጠብቅ መኖራችን ይገርማል።

አሁን ታጉ ሲከፈት ብራውዘሩ መስኮቱን የላይኛው ንብርብር በሚባል ልዩ ቦታ ያስቀምጠዋል። ቀድሞ የገጽ ክፍሎች እርስ በርስ የሚበላለጡት በቁጥር ነበር፤ አንዱ ፕሮግራመር 999 ይሰጣል፣ ሌላው እሱን ለመብለጥ 9999 ይጽፋል፣ ሦስተኛው አንድ ዘጠኝ ይጨምራል። የላይኛው ንብርብር ከዚህ እሽቅድምድም ውጭ ነው፤ ምንም ዓይነት ቁጥር አይደርስበትም። የኋላው ገጽ ይደነዝዛል፣ ኢስኬፕ ይሠራል፣ ሲዘጋ ፎከሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ፖፖቨር የተባለው ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ገጹን ሳያግድ ብቅ ለሚሉ ነገሮች ነው፦ ለሜኑ፣ ለአጭር ማብራሪያ፣ ለማሳወቂያ። ከሳጥኑ ውጭ ሲነኩ ራሱ ይዘጋል፤ ሌላው ሲከፈት የፊተኛው ይከደናል። ክሮምና ሳፋሪ በ2023፣ ፋየርፎክስ በኤፕሪል 2024 አስገቡት። ሆኖም በአይፎንና በአይፓድ ሳፋሪ ከሳጥኑ ውጭ ሲነኩት አልዘጋ የሚል ጉድለት ስለተገኘበት «በሁሉም ዘንድ ይሠራል» የሚለው ማረጋገጫ እስከ ጃንዋሪ 2025 ዘገየ። ለክርክሬ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። ጉድለቱ አንድ ቦታ ነበረ፣ አንድ ቦታ ተጠገነ፤ ፖፖቨር የተጠቀመ ድረ ገጽ ሁሉ፣ ሠሪው ሥራውን ከተወው ቆይቶ እንኳ ቢሆን፣ ተጠቃሚው ስልኩን ባደሰ ቀን አብሮ ተስተካከለ። በየገጹ በእጅ የተጻፈ ሜኑ ቢሆን ኖሮ በየገጹ እንደተሰበረ ይቀር ነበር።

ሌላው ነገር ፍጥነት ነው። አዝራር ሥር የሚንጠለጠል ሜኑ ቦታውን የሚያገኘው በልኬት ነው፤ አዝራሩ የት ነው፣ ከታች ቦታ አለ ወይስ ወደ ላይ ይገልበጥ? ይህን የሚሠሩ ላይብረሪዎች ገጹ በተንሸራተተ ቁጥር በጃቫስክሪፕት እየለኩ ያስተካክላሉ፤ ልኬቱም ገጹን በሚስለው በዚያው የሥራ መስመር ላይ ስለሚያልፍ ርካሽ ስልክ ላይ ሜኑው ከአዝራሩ ወደ ኋላ ሲቀርና ሲንቀጠቀጥ ይታያል። አንከር የተባለው አዲስ የሲኤስኤስ (የገጽ ማስጌጫ ቋንቋ) ዘዴ «ይህ ሳጥን ከዚያ አዝራር ጋር የታሰረ ነው፣ ከታች ካልበቃው ወደ ላይ ይሂድ» ብሎ መናገርን ብቻ ይጠይቃል። ክሮም በ2024፣ ሳፋሪ በ2025 ተቀብለውታል። ብራውዘሩ ገጹን ሲያሰላ የሳጥኑንም ቦታ አብሮ ስለሚያሰላ ሁለተኛ ልኬት አያስፈልግም።

ሃዝ የሚባለው የሲኤስኤስ መራጭ ታሪክም እንዲሁ ነው። ሲኤስኤስ ለረጅም ዘመን ወላጅን አይቶ ልጅን ማስጌጥ ይችል ነበር እንጂ ልጅን አይቶ ወላጅን ማስጌጥ አይችልም ነበር። ቅጹ ውስጥ አንድ የተሳሳተ መልስ ካለ የቅጹን ዙሪያ ቀይ ማድረግ እንኳ ጃቫስክሪፕት ይጠይቅ ነበር። «ይህ ከተፈቀደ አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር ገጹን ከሥር እስከ ጫፍ እንደገና መመርመር ይመጣል፣ ብራውዘሩም ይንቀራፈፋል» ይባል ነበር፤ ስጋቱም መሠረት ነበረው። ኢጋሊያ የተባለው የስፔን ኩባንያ መሐንዲሶች ገጹን አንብቦ በሚስለው የክሮም ክፍል፣ ማለትም በሞተሩ ላይ ሲሠሩት የፍለጋውን ውጤት እያስቀመጡና ለውጡ የሚነካቸውን ክፍሎች ብቻ እየለዩ አለፉት። ሳፋሪና ክሮም በ2022፣ ፋየርፎክስ በ2023 መጨረሻ አስገቡት። እንዲህ ያለ ማሻሻያ ከውጭ በላይብረሪ ሊሠራ አይችልም፤ የገጹን ውስጠኛ አወቃቀር የሚያውቀው ብራውዘሩ ብቻ ነውና።

ሥራውን ለየገጹ መተው ምን እንዳስከተለ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ዌብኤይም የተባለው የአሜሪካ ተቋም በየዓመቱ 1 ሚሊዮን የመነሻ ገጾችን በኮምፒውተር ይመረምራል፤ በ2025 ሪፖርቱ 94.8 በመቶ የሚሆኑት አካል ጉዳተኞችን የሚያሰናክል ቢያንስ አንድ ጉድለት ተገኝቶባቸዋል። ቁጥሩን ከልክ በላይ መለጠጥ አይገባም። ቁጥር አንዱ ጉድለት ደብዛዛ ጽሑፍ ነው፤ እሱን ዳያሎግም ፖፖቨርም አያድነውም። ይሁንና ሁሉም ሠሪ ሁሉንም ነገር ያውቃል፣ ጊዜም አለው የሚለው ግምት እንዳልሠራ በግልጽ ይናገራል። የሚወርደው ኮድ ክብደትም የዋዛ አይደለም። ኤችቲቲፒ አርካይቭ የተባለው የድር መዝገብ በ2024 ባወጣው ስሌት መካከለኛው የሞባይል ገጽ ከግማሽ ሜጋባይት በላይ ጃቫስክሪፕት ያወርዳል፤ ይህም ታምቆ ነው። ስልኩ ከፈታው በኋላ ማንበብ፣ መተርጎምና ማስኬድ ይቀረዋል። ውዱ ስልክ በቅጽበት የሚጨርሰውን ርካሹ ስልክ ሰከንዶች ይፈጅበታል። ፓኬጅ እየገዛ ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው ደግሞ ለያንዳንዱ ሜኑ ኮድ ከኪሱ ይከፍላል። ብራውዘሩ ውስጥ ያለው ዳያሎግ ግን ስልኩ ላይ አስቀድሞ የተጫነ ነው፤ የሚወርድ ነገር የለውም።

«ያ ርካሽ ስልክ እኮ አሮጌ ብራውዘር ነው ያለው፤ አዲሱን ነገር ከየት ያመጣዋል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ የማያውቁትን ትእዛዝ ሲያገኙ እንደ ጃቫስክሪፕት ተሰብረው አይቆሙም፤ ዘለውት ያልፋሉ። ግን ይህም ወሰን አለው። ፖፖቨርን የማያውቅ ብራውዘር የተደበቀውን ሜኑ ገጹ ላይ ዘርግፎ ያሳየዋል፤ መልኩ ያስቀይማል እንጂ ጽሑፉ አይጠፋም። የተሻለው ምሳሌ የምርጫ ዝርዝሩ ነው። ክልል ወይም ባንክ የምንመርጥበት የተለመደው ዝርዝር እንደፈለጉ ማስጌጥ ስለማይቻል ብዙ ድርጅቶች ጥለውት በጃቫስክሪፕት የራሳቸውን አስመስለው ሠርተዋል፤ በዚያውም ኪቦርዱንና ስክሪን ሪደሩን አጥተዋል። ክሮም በ2025 ይህንኑ ዝርዝር በሲኤስኤስ ማስጌጥ ፈቀደ። የማይደግፈው ብራውዘር ያው የድሮውን ያሳያል፤ ተጠቃሚው ውበቱን ያጣል፣ ምርጫውን ግን አያጣም። «ሁሉም ድረ ገጽ አንድ ዓይነት መልክ ይይዛል» ለሚለው ስጋትም ይኸው መልስ ይሆናል፤ ብራውዘሩ ጠባዩን ይይዛል፣ መልኩን ለሠሪው ይተዋል። ሙሉ ገጽ በጃቫስክሪፕት የሚገነባባቸው ፍሬምወርኮች ይቀራሉ የሚል ሰው ካለ ግን ተሳስቷል። ብዙ መረጃ በአንድ ጊዜ የሚለዋወጥበትን ገጽ ማቀናጀት አሁንም የእነሱ ሥራ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የሥልጣን ነው። ኦፔራ በ2013 የራሱን ሞተር ትቶ የክሮም መሠረት ወደሆነው ክሮሚየም ተሻገረ፤ ማይክሮሶፍትም በ2018 ማብቂያ ያንኑ እንደሚያደርግ አስታወቀ። ዛሬ በሰፊው የሚሠራባቸው ሞተሮች ሦስት ናቸው፦ የጉግል፣ የአፕልና የሞዚላ። የሚጨመረው እያንዳንዱ ችሎታ አዲስ ሞተር ለመሥራት የሚነሳውን ሰው ዳገት ያረዝማል። ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። መስፈርቶቹ በአደባባይ ይጻፋሉ፣ ኩባንያዎቹም ኢንተሮፕ በተባለው ዓመታዊ መርሐ ግብር የጋራ ፈተና ይፈተናሉ። ይህ ልዩነታቸውን ያጠብባል፣ ቁጥራቸውን ግን አያበዛውም።

ጥቂቶች ለሁሉም ሲሠሩ ማን እንደሚረሳ ለማየት የቀን መምረጫውን መክፈት ይበቃል። ኤችቲኤምኤል ለቀን የሚሆን ሳጥን ካገኘ ቆይቷል፤ የሚያስቀምጠው ቀን ግን ምንጊዜም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። መስፈርቱ ብራውዘሩ ለተጠቃሚው በአካባቢው አቆጣጠር እንዲያሳየው ቢፈቅድም ብዙዎቹ ብራውዘሮች ለአማርኛ ተጠቃሚ 12 ወር ያለውን ሠንጠረዥ ይሰጡታል። ጳጉሜ የለችበትም። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ልደቱን ሲያስመዘግብ ወላጁ ወደ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መመንዘር አለበት፤ በማግስቱ ከተወለደው ጋር የዓመት ልዩነት ያለው መሆኑም እዚያ ሠንጠረዥ ላይ አይታይም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ድረ ገጾች የራሳቸውን መምረጫ በጃቫስክሪፕት ይሠራሉ፤ ከላይ የዘረዘርነውም ጣጣ ሁሉ ተመልሶ ይመጣባቸዋል።

የሚገርመው ስሌቱ ብራውዘሩ ውስጥ አለ። ቀንን በየቋንቋው የሚጽፈው የጃቫስክሪፕት ክፍል ዓመተ ምሕረትንም ዓመተ ዓለምንም ያውቃል፤ የወሮቹን ስም ከመስከረም እስከ ጳጉሜ በአማርኛ ይጽፋል። ቴምፖራል የተባለው አዲሱ የቀን ማስሊያ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን መደመርና መቀነስ ይችላል፤ ፋየርፎክስ በሜይ 2025 ቀዳሚ ሆኖ አስገብቶታል። የጎደለው የሚታየው ፊት ብቻ ነው። ዛሬ መምረጫ የሚሠራ ፕሮግራመር መክፈቱንና መዝጋቱን ለፖፖቨር፣ ከሳጥኑ ሥር መንጠልጠሉን ለአንከር፣ ምንዛሬውን ለቴምፖራል መስጠት ይችላል። ለእሱ የሚቀረው 13 ወር ያለው ሠንጠረዥ መሳል፣ ኪቦርዱ በቀናቱ መካከል እንዲሄድ ማድረግና በመጨረሻው ወር ላይ እንደ ዓመቱ 5 ወይም 6 ቀን ማሳየት ነው።