ቃል እየሰረዙ ቪዲዮ መቁረጥ፦ ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍ ምን ይደረጋል?

መርካቶ ሸማ ተራ ሱቅ ያላቸው አንድ ነጋዴ ስለ ሥራቸው ለአንድ ሰዓት ያህል ሲያጫውቱን በስልክ ቀረጽን እንበል። ለተመልካች የሚደርሰው 5 ደቂቃ ብቻ ነው። ያንን ለማግኘት ሙሉውን ሰዓት እየመለሱ ማዳመጥ አድካሚ ነውና ንግግሩን ወደ ጽሑፍ ቀይሮ በጽሑፉ የሚቆርጥ ሶፍትዌር መጣ። እያንዳንዱ ቃል ከተነገረበት ቅጽበት ጋር ይታሰራል፤ ዓረፍተ ነገር ሲሰርዙ ምስሉም አብሮ ይቆረጣል። ዲስክሪፕት የተባለው ሶፍትዌር የታወቀው በዚህ አሠራር ነው፤ አዶቤም በ2023 እ.ኤ.አ. ፕሪሚየር ፕሮ በተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያው ውስጥ አስገባው።

ጣጣው የሚጀምረው 8 ጊጋባይት ራም ባለው ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ነው። ጽሑፉ ወጥቶ ሳያልቅ ማሽኑ ሃንግ ያደርጋል። ብዙ ሰው ወዲያው «ፎርማት ይደረግልኝ» ብሎ ወደ ጥገና ቤት ይወስደዋል። እኔ ግን አስቀድሞ ማሽኑን ምን እንዳነቀው መታወቅ አለበት ባይ ነኝ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሜሞሪ የሚለው ከ90 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ራሙ ሞልቷል፤ ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ጀምሯል፤ ዲስክ ደግሞ ከራም እጅግ ቀርፋፋ ነው። ብሮውዘሩን መዝጋት ብቻውን የሚያቃልልበት ጊዜ ብዙ ነው። ዲስክ የሚለው 100 ላይ ከቆመ ቪዲዮው ከፍላሽ በቀጥታ ተከፍቶ ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ ይገልብጡት። ሁለቱም ደህና ሆነው ሲፒዩው ብቻ ከተጨናነቀ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ምስሉ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ንግግርን ወደ ጽሑፍ ለመቀየር ምስል ፈጽሞ አያስፈልግም። በ1080 ጥራት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት የስልክ ቪዲዮ 7 ወይም 8 ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል። ድምፁ ብቻ ተነጥሎ በ16 ኪሎኸርዝ ሞኖ ሲቀመጥ ግን፣ ሳይጨመቅ እንኳ 115 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ንግግር ለመለየትም ይህ ይበቃል። ፋይሉን ወደ ኢንተርኔት ለሚጭን ሰው ይህ ልዩነት የሚታየው በሚገዛው ፓኬጅ ላይ ነው። ምስሉም ቢሆን እስከ መጨረሻው በሙሉ ጥራት መታየት የለበትም። ፕሮክሲ የሚባለውን አነስተኛ ቅጂ ሠርተው በእሱ ላይ ይቁረጡ፤ ሲያልቅ ሶፍትዌሩ ራሱ ወደ ዋናው ፋይል ይመለሳል። በተለይ ስልኩ ኤች 265 በተባለው የመጭመቂያ ዘዴ ከቀረጸ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ያንን የተጨመቀ ምስል ለመፍታት ስለሚቸገር ፕሮክሲው ግዴታ ይሆናል።

መጀመሪያው ልክ ሆኖ ወደ መጨረሻው ጽሑፉ ከንግግሩ እየራቀ ከሄደ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ስልኮች በሰከንድ የሚቀርጹት የምስል ብዛት ወጥ አይደለም። ሀንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ወጥ ፍጥነት ይቀይሩት፤ ድምፁንም የሚነጥሉት ከዚሁ ከተቀየረው ይሁን።

አሁን ወደ አማርኛው። የፕሪሚየር ፕሮ አሠራር ሲጀመር አማርኛን አያውቅም ነበር። ኦፕን ኤአይ በ2022 እ.ኤ.አ. በነፃ የለቀቀው፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ዊስፐር አማርኛን ይቀበላል፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ነገር ግን በአማርኛ ብዙ ይሳሳታል። የዊስፐር ትንንሽ ሞዴሎች ላፕቶፑን አያስጨንቁም፣ ስህተታቸው ግን ይብሳል። ዝምታ ወይም ጫጫታ ሲያጋጥመው ያልተነገረ ዓረፍተ ነገር ፈጥሮ ደጋግሞ የሚጽፍበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ጽሑፉን የተፈለገው ንግግር የት እንዳለ መጠቆሚያ ካርታ አድርገው ይያዙት እንጂ እንዳለ ለተመልካች አያቅርቡት።

መርካቶ ደግሞ ለማይክሮፎን ከባድ ቦታ ነው። የአንዋር መስጊድ አዛን፣ የራጉኤል ቅዳሴ፣ የተሸካሚው ጩኸት፣ የመኪናው ጥሩምባ አንድ ላይ ይገባሉ። ነጋዴውም ለደንበኛ መልስ ሲሰጡ ከአማርኛ ወደ ስልጥኛ፣ ጉራጊኛ ወይም ኦሮምኛ ይሻገራሉ፤ በአንድ ቋንቋ የተዋቀረው ማሽን እዚያ ላይ ይዘባርቃል። የትኛውም ሶፍትዌር ይህንን በኋላ ሙሉ በሙሉ አያቃናውም። «ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ውስጥ እንግባ» ብሎ ከጣቃ ጨርቁ መሀል መቅረጽ ይሻላል፤ ጨርቁ የድምፅ ነጸብራቅን ይውጣል። ኮሌታ ላይ የሚሰካ ርካሽ ማይክም ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ራም ከመግዛት ይበልጥ ይጠቅማል።

ከወጣው ጽሑፍ ውስጥ ቃል ሲፈልጉ «አልተገኘም» ቢልዎት ንግግሩ የለም ማለት ላይሆን ይችላል። ማሽኑ «ፀሐይ» ብሎ ጽፎት እርስዎ «ጸሃይ» ብለው ፈልገው ይሆናል። የቃሉን የማይለወጥ ክፍል ብቻ ይጻፉ፤ «ከዋጋው» ሳይሆን «ዋጋ»። ዋጋ ሲጠሩ ደግሞ በቃልም በአኃዝም ይሞክሩ።

ላፕቶፑ ጠዋት ፈጥኖ ከሰዓት በኋላ የሚደክም ከሆነ ማራገቢያው አቧራ ይዞ ይሆናል። ሲፒዩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የመርካቶ አቧራ ደግሞ ቶሎ ይደፍነዋል። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሠሩም ብዙ ላፕቶፖች ኃይል ለመቆጠብ ይዘገያሉ።

ሙሉውን ሰዓት ከመጫንዎ በፊት ጫጫታ ከበዛበት ቦታ 2 ደቂቃ ቆርጠው ይሞክሩ። ሁለቱ ደቂቃ 6 ደቂቃ ከፈጀ ሙሉው 3 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሶኬት ላይ ሰክተው ማታ ይተዉት።