ብዕሩን የያዘው ማን ነው?

ወንድሜ ሆይ፣ በመተማ ቆላ ሰሊጥ ስታመርት ኖረሃል እንበል። አጨዳው ከዘገየ ሰሊጡ መሬት ላይ እንደሚረግፍ ከማንም በላይ ታውቃለህ። ይህን እውቀትህን በመጽሐፍ ለሌሎች ልታካፍል ፈለግህ፤ መጻፍ ግን አልለመድህም። ጸሐፊ ብትቀጥር ነውር ነው?

አይደለም። ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች መልእክቱን ሲልክ ብዕር የያዘው ጤርጥዮስ ነበር። ጤርጥዮስ ግን ተደብቆ አልቀረም፤ በምዕራፍ 16 ቁጥር 22 በገዛ ስሙ ሰላምታ አቀረበ።

የአገራችን ሕግም ስለዚህ ይናገራል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የመጽሐፉ የገንዘብ ጥቅም ሥራውን በውል ያስጻፈው ሰው ነው። የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅ መብት ግን የጸሐፊው ነው፤ ስሜ አይጠቀስ ማለትም ይችላል። እንግዲያው ክፍያውንም የስሙንም ነገር አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተዋዋሉ። ሥራው ሲያልቅ ከመታተሙ በፊት መስመር በመስመር አስነብበህ አርም፤ ጸሐፊው ማሳህ ላይ አልዋለም፣ በተሳሳተ ምክር የሚከስረው ደግሞ ገበሬው ነው።

ምናልባት ጸሐፊህ ባለቤትህ ትሆናለች። ልጆቹን አስተኝታ በሌሊት ጽፋልህ፣ ክፍያ ስላልጠየቀችህ ብቻ ስሟን ልትዘልለው ነውን? ዛሬ ማታ ጠይቃት፦ «ስምሽን የት እናድርገው?»