ሃምሳኛው ልደትና የሁለት ቀን ዕረፍት

ውድ ባለትዳሮች፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዘንድሮ ሃምሳ ዓመት ይሞላችኋል እንበል። ልጆች ኬክ ያዝዛሉ፤ ዘመድ አዝማድ ይጠራል። ጌታን ማመስገን መልካም ነው። ነገር ግን እንግዳው ተሸኝቶ በሩ ሲዘጋ ሁለታችሁ የምትጫወቱት ነገር አላችሁ? ልጅ በማሳደግና በአገልግሎት ሲሮጡ ኖረው፣ ከአስቤዛና ከትምህርት ቤት ክፍያ ሌላ ወሬ የጠፋባቸው ባለትዳሮች ጥቂት አይደሉም።

ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25ን አንብቡ። በእስራኤል ሃምሳኛው ዓመት ኢዮቤልዩ ነበር። ምድሪቱ ታርፋለች፤ ባሪያ ነጻ ይወጣል፤ ሰው ሁሉ ወደ ርስቱና ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። መለከቱ የሚነፋው ደግሞ በማስተስረያ ቀን ነው። ይቅርታ ይቀድማል፤ ደስታ ይከተላል። ታዲያ የሃምሳ ዓመት ልደት ወደ ትዳር ጓደኛ መመለሻ ቢሆንስ?

ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የዝዋይ ሐይቅ አምስት ደሴቶች አሉት። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው። የራሱ ቋንቋ ያለው የዛይ ሕዝብ ዓሣ እያጠመደና እያረሰ ለዘመናት ኖሮበታል። መጀመሪያ የመንገዱን ሁኔታ አጣሩ። አዳራችሁን ባቱ ከተማ አድርጋችሁ፣ ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ በጀልባ ተሻገሩ።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታ የደከሙትን ደቀ መዛሙርት እንዲያርፉ በታንኳ ወደ ብቸኛ ስፍራ ወሰዳቸው። ሕዝቡ ግን በእግር ሮጦ ቀደማቸው። ዛሬ ቀድሞን የሚደርሰው ስልካችን ነው። ለልጆቻችሁና ለአገልግሎት ባልደረቦቻችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩና ዝጉት።

ከዚያም በሐይቁ ዳር ሦስት ነገር ተጫወቱ፦

1. እግዚአብሔር በእነዚህ ዓመታት ከምን አወጣን? ስሙን እየጠራችሁ አመስግኑ።

2. እርስ በርስ የተቀያየምንበት፣ ሳንነጋገርበት ያለፍነው ምንድን ነው? ሰበብ ሳትደረድሩ ይቅር ተባባሉ።

3. የቀረውን ዘመን ለምን እንኑርበት?

በመጨረሻም እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ።

ገንዘቡ ከሌለ ተበድራችሁ አትሂዱ። ልጆቹን ለአክስታቸው ሰጥታችሁ በገዛ ቤታችሁ አንድ ቅዳሜ ብታሳልፉም ይቻላል። ኢዮቤልዩን ኢዮቤልዩ ያደረገው ስፍራው ሳይሆን መመለሱ ነው። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!