ልጁን በሌሊት የሚያዝለው ጦጣ እንዴት ፎቶ ይነሳል?

የልጅ ልጆቻችን የሌሊት እንስሳ ፎቶ ሲያዩ «በጨለማ እንዴት አነሱት?» ማለታቸው አይቀርም። መልሱን በጉጉት ጦጣ እናስረዳቸው።

የጉጉት ጦጣ ከፓናማ እስከ ሰሜን አርጀንቲና ባሉ ደኖች ይኖራል። ከጦጣዎች ሁሉ የሌሊት ኑሮ ያለው እሱ ብቻ ነው። ክብደቱ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ቢሆንም ዓይኖቹ እጅግ ትልልቅ ናቸው። ወላጆችን የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው፤ ግልገሉን አዝሎ የሚዞረው አባትየው ነው። እናትየዋ ታጠባለች፤ ግልገሉ ጠብቶ ሲያበቃ ወደ አባቱ ጀርባ ይመለሳል።

ፎቶ አንሺዎችም የሚመኙት ይህንኑ ማየት ነው። ችግሩ ፍላሽ ነው። የሰው ዓይን ጨለማን በሚገባ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ደማቅ ብርሃን ግን ያንን በቅጽበት ያጠፋዋል። ከበራ ክፍል ወደ ጨለማ ግቢ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ግልገል አዝሎ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ለሚዘል አባት ድንገት መታወር ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ጥንቁቅ ፎቶ አንሺ ጊዜ ይመርጣል። ጦጣዎቹ አመሻሹ ላይ ከማደሪያቸው ሲወጡ ሰማዩ ገና ጥቂት ብርሃን አለው። በአርጀንቲና ፎርሞሳ ግዛት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚህን ጦጣዎች የሚያጠኑት ኤድዋርዶ ፈርናንዴዝ-ዱኬና ባልደረቦቻቸው እንዳስተዋሉት፣ የዚያ አካባቢ ጦጣዎች በጨረቃ ሌሊት ብዙ ይንቀሳቀሳሉ፤ ድቅድቅ ጨለማ ሲሆን ይቀንሳሉ። ጨረቃ ለፎቶ አንሺውም መብራት ናት።

ቀጥሎ የካሜራው ተራ ነው። ብርሃን በብዛት የሚያስገባ ሌንስና ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ያስፈልጋል። አይኤስኦ የሚባለው ከፍ ሲል ካሜራው በትንሽ ብርሃን ያነሳል፤ ፎቶው ግን አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ረዘም ያለ ጊዜ ከወሰደ ደግሞ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ጦጣው ቆም እስኪል በትዕግሥት መጠበቅ ነው። ባትሪ ካስፈለገ ደብዛዛ ቀይ ብርሃን ይሻላል፤ እሱም ዓይን ላይ አይያዝም።

ይህን ቤታችሁ ሞክሩት። የተኛ ሕፃን ልታነሱ ስትፈልጉ ፍላሹን አጥፉ፤ በመስኮት ብርሃን ተጠቀሙ፤ ስልኩን በወንበር መደገፊያ ላይ አስደግፉና ትንፋሻችሁን ያዝ አድርጋችሁ አንሱ። ፎቶው ትንሽ ሻካራ ቢሆን ምን አለበት? ልጁ እንቅልፉን አልተቀማም።