ፒችትሪ በአዲሱ ኮምፒውተር

የሒሳብ ሠራተኛ ቅጥር ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው በአገራችን የአንድ የሒሳብ ፕሮግራም ስም ደጋግሞ ያገኛል፦ ፒችትሪ። ማሠልጠኛ ተቋማት በዚህ ስም ኮርስ ይሰጣሉ። አስመጪው፣ ጅምላ ነጋዴው፣ የግል ትምህርት ቤቱ፣ ግብረ ሰናይ ድርጅቱ መዝገቡን የሚይዘው በእሱ ነው። ፕሮግራሙ ግን በዚህ ስም መሸጥ ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ባለቤቱ የእንግሊዙ ሴጅ ኩባንያ ሴጅ 50 ብሎ ሰይሞታል። እኛ ጋ ለኤክስፒና ለቪስታ፣ ቢበዛ ለዊንዶውስ 7 የተሠራው ቅጂ ዛሬም በየቢሮው ይከፈታል።

ፒችትሪ ዕድሜ ጠገብ ነው። የተወለደው አትላንታ ነው። አይቢኤም የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተሩን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 ሲያስተዋውቅ አብረው ከታወጁት ጥቂት ፕሮግራሞች አንዱ የፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም ነበር። የተሠራው ለአሜሪካ ነጋዴ በመሆኑ ቀኑ የፈረንጅ ነው፤ የደመወዝ ክፍሉም የአሜሪካን ግብር እንጂ የእኛን አያውቅም። የእኛ የበጀት ዓመት ደግሞ ሐምሌ 1 ይገባል። የሒሳብ ባለሙያዎቻችን ደመወዙን በኤክሴል አስልተው፣ ድምሩን በጆርናል እያስገቡ፣ ቀኑን እየመነዘሩ ይህን ባዕድ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ንግድ አገልጋይ አደረጉት። ይህ ትልቅ ሙያ ነው፤ የሚገባውን ምስጋና ያገኘ አይመስለኝም።

ጭንቁ የሚመጣው ኮምፒውተሩ ሲቀየር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 አቆመ፤ የዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አበቃ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ስለሚፈልግ፣ ደኅና የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች በይፋ አይቀበሉትም። ስለዚህ ድርጅቱ አዲስ ኮምፒውተር ይገዛል፤ ፒችትሪ ይጫናል፤ ከዚያ አልከፈት ይላል። ከመጋረጃው ጀርባ መዝገቡን የሚያንቀሳቅሰው ፐርቫሲቭ የተባለ የዳታቤዝ አገልግሎት ካልተነሣ ፕሮግራሙ ባዶ ቤት ነው። ቢነሣም ሪፖርቱን ወደ ፒዲኤፍ ሊቀይሩት ሲሉ የድሮው የፕሪንተር ነጂ ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር ሳይስማማ ይቀራል።

የድሮ ፕሮግራሞች አልከፈት የሚሉበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። በዶስ ዘመንና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተጻፉ የንግድ ፕሮግራሞች 16 ቢት ናቸው። ፕሮሰሰሩ በ64 ቢት ሲሠራ የዶስ ፕሮግራሞች የሚመረኮዙበት አሠራር ስለሚዘጋ፣ 64 ቢት የሆነ ዊንዶውስ አይከፍታቸውም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 64 ቢት ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ 32 ቢት ሆኖ የመጫኛ ፋይሉ 16 ቢት የሆነበት ጊዜም አለ፤ ያኔ ሰው ፕሮግራሙ ሞቷል ብሎ ይደመድማል፣ የሞተው ግን መጫኛው ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ድምፅ የሌለው ችግር ነው። ከቪስታ ወዲህ ዊንዶውስ ተራ ተጠቃሚ በፕሮግራሞች ፎልደር ውስጥ እንዲጽፍ አይፈቅድም። የድሮ ፕሮግራሞች ደግሞ መዝገባቸውን እዚያው ያስቀምጡ ነበር። ዊንዶውስ እንዳይሰበሩበት አስቦ ጽሑፉን በድብቅ ወደ ተጠቃሚው የግል ፎልደር ያዞረዋል። ምንም የስሕተት መልእክት አይወጣም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጠዋት በራሷ ስም የገባችው ሠራተኛና ከሰዓት በራሱ ስም የገባው ባልደረባዋ ሁለት የተለያየ መዝገብ ሊሞሉ ይችላሉ። ባክአፕ የሚያደርገው ሰው የሚያውቀው አንዱን ፎልደር ብቻ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ኦዲተሩ ሲመጣ ነው።

የአይቲ ባለሙያው ቶሎ የሚነካው መፍትሔ «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚባለው ምርጫ ነው። ለፕሮግራሙ «ያለኸው ዊንዶውስ 7 ላይ ነው» ብሎ ይነግረዋል፤ አንዳንድ የቀድሞ ባሕርያትንም ይመልስለታል። የጎደለ ነገር ግን አይፈጥርም፤ 16 ቢቱንም አያስነሣም። «በአስተዳዳሪ ሥልጣን ክፈት» የሚለው ደግሞ ሥራውን ያስኬዳል፣ ግን በፕሮግራሙ በኩል ለሚገባ ማንኛውም አደጋ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ያስረክባል።

«ታዲያ አሮጌውን ኮምፒውተር ለምን አንተወውም?» የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 የተነሣው፣ ዋናክራይ የተባለው ኮምፒውተር ቆላፊ ቫይረስ ለዚህ መልስ ነው። ማይክሮሶፍት ማረሚያውን በመጋቢት አውጥቶ ነበር፤ ማረሚያውን ያልጫኑ ኮምፒውተሮች ተቆለፉ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ማረሚያ የማይደርሰው ኮምፒውተር ከኔትወርክ ጋር እንደተያያዘ ሊቆይ አይገባም።

በእኔ እምነት አስተማማኙ መንገድ ቨርቹዋል ማሽን ነው። በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ፣ በቨርቹዋልቦክስ ወይም በዊንዶውስ ፕሮ ውስጥ ባለው ሃይፐር ቪ፣ የድሮው ዊንዶውስ ከነፕሮግራሙ ይጫናል፤ ኢንተርኔቱ ይዘጋል። ሙሉው ሥርዓት ፋይል ስለሆነ ይገለበጣል፣ ወደ ሌላ ኮምፒውተርም ይሄዳል። ይህም ቢሆን የድሮውን መዝገብ ለማየት እንጂ የነገውን ሥራ በእሱ ለመቀጠል አይደለም። ወደ አዲሱ ቅጂ ወይም ወደ ሌላ ሶፍትዌር የሚሻገር ድርጅትም አንድ ነገር ይወቅ፦ ወደ አዲስ ቅጂ የተለወጠ መዝገብ በአሮጌው ተመልሶ አይከፈትም። ለውጡ በመዝገቡ ግልባጭ ላይ እንጂ በዋናው ላይ አይሞከር።

ፈቃድ ያልተከፈለበት ቅጂ የያዘ ድርጅት ደግሞ ችግር ሲገጥመው ለአምራቹ ደውሎ የመጠየቅ መብት የለውም። በውጭ ምንዛሪ መክፈል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም የሚሊዮኖች ብር መዝገብ ከፍላሽ በተጫነ ፕሮግራም ላይ ማንጠልጠል በቁጠባ ስም የሚሠራ አደጋ ነው።

ሰነድ ያለ ድሮው ፕሮግራም የማይከፈትበትን ችግር በገዛ ፊደላችንም አይተናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፎንት አምራች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ በራሱ አሰላለፍ ያስቀምጥ ስለነበር፣ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የማይነበቡ ደብዳቤዎችና ቃለ ጉባኤዎች በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። ያን ጊዜ ጽሑፉ ዩኒኮድ እንዲሆን የደከሙ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ጉዳቱ የባሰ ይሆን ነበር።

የሒሳብ መዝገብ የባለቤቱ ነው፤ የግብር ሕጉም ለዓመታት እንዲጠበቅ ያዝዛል። ኃላፊነቱ የአይቲ ልጁ ብቻ አይደለም፤ የሥራ አስኪያጁም ነው። የድርጅታችሁ ፒችትሪ ዛሬ የሚከፈት ከሆነ የየዓመቱን ጠቅላላ መዝገብ፣ ትራያል ባላንስና የደንበኞች ዝርዝር ወደ ኤክሴልና ፒዲኤፍ አውጡ። ባክአፑን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ክፈቱት፤ ድምሩ ከታተመው ሪፖርት ጋር መግጠሙን አካውንታንቱ ይፈርምበት። አሮጌውን ኮምፒውተር ፎርማት የምታደርጉት ከዚህ ፊርማ በኋላ ይሁን።